ኩሬው በረዶ ከመሥራቱ በፊት፦ የአየር ድንጋዩ የት ይቀመጥ? ማሞቂያስ የግድ ነው?

ሚሚ_ሴንትፖል · ሚኒሶታ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ዘንድሮ የገዛነው ቤት ጓሮ ውስጥ ኩሬ አለ። የሠሩት የድሮዎቹ ባለቤቶች ናቸው። ወደ 1,500 ጋሎን ይይዛል። ጥልቁ ቦታ 4 ጫማ ነው፤ በአንድ በኩል ደግሞ 1 ጫማ ተኩል የሚሆን እርከን አለው። ውስጡ ጎልድፊሽና ጥቂት ኮይ (ባለ ቀለም የካርፕ ዓሣ) አሉ። ልጆቼ ለሁሉም ስም አውጥተውላቸዋል፤ አንዱ ቢሞት ቤቱ ለቅሶ ቤት ነው የሚሆነው።

አሁን ቅጠሉ እየረገፈ ነው፣ ጠዋት ጠዋትም ውርጭ ጀምሯል። ባለቤቶቹ የአየር ፓምፕ ከነድንጋዩ (ቱቦው ጫፍ ላይ ሆኖ አየሩን በአረፋ የሚያወጣው) ትተውልናል። ድንጋዩ እስካሁን ጥልቁ ቦታ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አረፋውን ይተፋል። ጎረቤቴ "ዊንተር ላይ አጥፊው፣ ዓሣዎቹ ይተኛሉ" ይለኛል። ዕቃ የሚሸጠው ልጅ ደግሞ ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ ካልገዛሽ አለቀላቸው አለኝ። ማንን ልስማ?

ኪያ_ሜሪላንድ · ሲልቨር ስፕሪንግ

እኛ ጋ በረዶው ስስ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል። እኔ መረብ ዘርግቼ ቅጠሉን ከመከልከል በቀር ምንም አላደርግም። ሚኒሶታ ግን ሌላ ዓለም ነው፣ የኔን አትከተዪ።

ጋሽ_ኮይ · ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ልጄ ሚሚ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ነው የነገሩሽ።

"ይተኛሉ" የሚለው ከእውነት አልራቀም። ዓሣ የራሱ ሙቀት የለውም። ውሃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀዘቅዛል፣ ልቡም ትንፋሹም ይዘገያል። የሚፈልገው ኦክስጅን በጣም ይቀንሳል። ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን አጥብቆ ይይዛል። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አንድ ሊትር ውሃ 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ቢይዝ፣ 4 ዲግሪ ላይ 13 ሚሊ ግራም ይይዛል። እኛ ዴንቨር አካባቢ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ከፍ ብለን ነው ያለነው፣ አየሩም ስስ ነው። ከዚህ ላይ ስድስት አንድ ያህሉን ብትቀንሺ እንኳ የኔ ኩሬ በኅዳር ከሚኒሶታ ኩሬ በሐምሌ የበለጠ ኦክስጅን አለው።

ታዲያ ዓሣው ለምን ይሞታል? ችግሩ ክዳኑ ነው። በረዶው ኩሬውን ከአናቱ ይዘጋዋል፣ ከአየር ጋር ያለው መገናኛ ይቋረጣል። ላዩ ላይ ስኖው ሲከመርበት ብርሃንም አይገባም፤ አልጌውና ተክሉ ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ። ከታች ያለው ቅጠልና ጭቃ ግን መበስበሱን አይተውም። ቀስ እያለ ኦክስጅኑን ይበላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ኦክስጅኑ ከነጭራሹ ሲያልቅ ደግሞ ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይመጣል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ለዓሣ መርዝ ነው። ሁሉም ከበረዶው ሥር ታፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ የምትፈልጊው ብዙ አየር አይደለም። ቀዳዳ ነው የምትፈልጊው። መጥፎው ጋዝ የሚወጣበት፣ አዲስ አየር የሚገባበት አንድ ክፍት ቦታ። አረፋው ዋና ሥራው ያንን ቦታ እንዳይዘጋ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ከጥልቁ ቦታ አንሺው። ውሃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያው በረዶ ይሆናል። በዊንተር የኩሬሽ ሙቅ ውሃ ያለው ታች ነው ማለት ነው፤ ዓሣዎቹም እዚያ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ድንጋዩ መሬት ላይ ሆኖ አረፋ ሲተፋ ያንን 4 ዲግሪ ውሃ እየጠረገ ወደ ላይ ይወስደዋል። ላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች 20 ነው። ቀዝቅዞ ይመለሳል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲዞር ቢያድር ኩሬው ከላይ እስከ ታች ወደ ዜሮ ይጠጋል። ዓሣዎቹ የተሸሸጉባትን ሙቀት በገዛ እጅሽ አወጣሻት ማለት ነው። ኮይ ደግሞ ይህን ከጎልድፊሽ ባነሰ ይችላል።

እርከን አለ ያልሽው ትልቅ ዕድል ነው። ድንጋዩን እዚያ ላይ አድርጊው፣ ከጥልቁ ቦታ ራቅ አድርገሽ። 1 ጫማ ተኩል በቂ ነው። ላዩን ይከፍታል፣ ታቹን አይነካም።

ሐይቅ_ዳር · ሚኒያፖሊስ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ ልከራከርዎት። እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ ዊንተር ላይ ዓሣ እንዳያልቅባቸው አየር የሚነፋባቸው ሐይቆች አሉ። ቱቦው ታች መሬት ላይ ነው የሚዘረጋው። እኔ ራሴ አይቻለሁ። ለሐይቅ ከሠራ ለጓሮ ኩሬ የማይሠራው ለምንድነው?

ጋሽ_ኮይ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ መጠኑ ነው ወንድሜ። ሐይቁ ብዙ ሄክታር ነው፣ አረፋው ያለው አንድ ጥግ ላይ ነው። ዓሣው ብርዱን ካልፈለገ ሌላ ጋ ይሄዳል። ሚሚ ኩሬ ውስጥ ግን ዓሣው የት ይሄዳል? 1,500 ጋሎን ነው፣ አንድ ድንጋይ ሁሉንም ያዞረዋል። ኩሬዋ ግማሽ ሄክታር ቢሆን ታች አድርጊው እላት ነበር።

ሐይቅ_ዳር

ገባኝ። አመሰግናለሁ ጋሼ።

አንድ ነገር ግን ከሐይቁ ለሚሚ የሚጠቅም አለ። እዚህ የሕዝብ ሐይቅ ላይ ዊንተር አየር ለመንፋት ከተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ዙሪያውንም "ስስ በረዶ" የሚል ምልክት መተከል አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አረፋ ባለበት አካባቢ በረዶው አይጠነክርም። የጓሮ ኩሬ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ልጆቹ ግን ስስ በረዶ አያውቁም። ስም ያወጡለትን ዓሣ ለማየት በረዶው ላይ ቢወጡ 4 ጫማ ውሃ ቀላል አይደለም። ዝቅተኛም ቢሆን አጥር ነገር አድርጊበት።

ሚሚ_ሴንትፖል

ኧረ እሱን አላሰብኩትም ነበር። ትንሹ ልጄ 4 ዓመቱ ነው። አጥሩ ዛሬውኑ ይሠራል።

ሽቦ_አዋቂው · ዳላስ፣ ቴክሳስ

የማሞቂያውን ነገር እኔ ልመልስ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1,500 ዋት ሳያርፍ ቢሠራ በቀን 36 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ነው ብንል በቀን 5 ዶላር ከ40 ነው፣ በወር 160 ዶላር ገደማ። 35 ዋት የሚበላ የአየር ፓምፕ ግን በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። 13 ሳንቲም ቢሆን ነው። ሻጩ ልጅ የመብራት ቢልሽን አይከፍልልሽም።

ለትክክለኛነቱ፣ አንዳንዱ ማሞቂያ ቴርሞስታት አለው፤ ብርዱ ሲጠና ብቻ ነው የሚነሳው። 100 ወይም 300 ዋት የሚባሉም አሉ፣ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው ለመያዝ ብቻ የሚሆኑ። ኩሬውን አያሞቁም፣ ማሞቅም የለባቸውም። ትልቁን ከፈለግሽ ለክፉ ቀን ጋራዥ ውስጥ አስቀምጪው። ከዜሮ በታች 30 የሚሆንበት ሳምንት ሲመጣ ሰክተሽው ከዚያ ታነሺዋለሽ።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ሶኬቱ ነው። ውጭ ያለው ሶኬት ጂኤፍሲአይ መሆን አለበት፤ ያ "ቴስት" እና "ሪሴት" የሚል ቁልፍ ያለው፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃ ማፍሰስ ሲጀምር በቅጽበት ራሱን የሚቆርጠው። ክዳኑም ሽቦ ተሰክቶበት የሚዘጋው ዓይነት ይሁን። የቤት ውስጥ ኤክስቴንሽን ስኖው ላይ ዘርግተሽ እንዳላይ። በየወሩ ቴስት የሚለውን ተጫኚው። ካልጠፋ ይቀየር።

ዝም_ብሎ_አንባቢ

በረዶው ቢዘጋስ? በመዶሻ መስበር አይቻልም?

ጋሽ_ኮይ

በፍጹም! የመዶሻው ምት በውሃው ውስጥ እንዳለ ይሄዳል። ደንዝዞ የተቀመጠውን ዓሣ ያስደነግጠዋል፣ ሊጎዳውም ይችላል። የኩሬው ላስቲክም ሊቀደድ ይችላል።

ድስት ሙሉ ውሃ አፍልተሽ ድስቱን በረዶው ላይ አስቀምጪው። እጀታው ላይ ገመድ እሰሪ፣ ያለዚያ በረዶው ሲቀልጥ ድስትሽ ይሰምጣል። አንዴ ካልበቃ ድገሚው። ጨው፣ የመኪና አንቱፍሪዝ፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ኩሬው አጠገብ እንዳይደርስ። መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ከስኖው ጋር ተጠርጎ ወደ ኩሬው እንዳይገፋም ተጠንቀቂ።

ካልጋሪ_ነኝ · አልበርታ፣ ካናዳ

እኛ ጋ ቺኑክ የሚባል ሞቃት ነፋስ ይመጣል፣ በአንድ ቀን ሁሉን ያቀልጣል፣ ሲሄድ መልሶ ያጠጥራል። ስለዚህ የቱቦ መቀዝቀዝ ጉዳይ ላይ ብዙ አውቃለሁ።

ፓምፑ የሚገፋው አየር እርጥበት አለው። ያ እርጥበት ቱቦው ውስጥ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ዝቅ ያለ ቦታ ይጠራቀማል፣ እዚያው በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይደፍነዋል። ሰው "ፓምፑ ተበላሸ" ይላል፣ ፓምፑ ግን ደህና ነው። መፍትሔው ቱቦው ከፓምፑ ወደ ኩሬው ሲወርድ አንድም ቦታ ሳይጎብጥ ቁልቁል እንዲሄድ ማድረግ ነው። ውሃው ራሱ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ቱቦውም አጭር ይሁን፣ ሰፋ ያለ ይሁን።

ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ አስቀምጪው። መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተስቦ ፓምፑ ውስጥ እንዳይገባ ቼክ ቫልቭም አድርጊለት። ስኖው እንዳይቀብረው ከፍ ያለ ነገር ላይ ይሁን፣ ላዩ ይሸፈን፣ ጎኑ ግን ይተንፍስ። ታፍኖ ከተዘጋ በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። አንዳንዱ ሰው ጋራዥ ውስጥ ያደርገዋል። የጋራዥ አየር ትንሽ ሞቅ ይላል፤ ግን መኪና አሙቀሽ የምታወጪ ከሆነ ጭሱን ወደ ዓሣው እንደምትነፊው አትርሺ።

ሰዓት ቆጣሪ አታድርጊበት። "ቀን ይሥራ ሌሊት ይረፍ" የሚል ሰው አለ። ሲያርፍ ውሃ ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት ይጠጥራል፣ ጠዋት አይነሳም። 24 ሰዓት ይሥራ።

ብርዱ ሲጠና ደግሞ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ታያለሽ። አረፋው የሚረጨው ውሃ እየጠጠረ ቀዳዳው ላይ የበረዶ ድንኳን ይሠራል። ተዘጋ ብለሽ አትሩጪ። ጠጋ ብለሽ ስታዪው ብዙ ጊዜ አናቱ ላይ ትንሽ መውጫ ይኖራል። አየሩ እስከወጣ ድረስ ችግር የለውም።

ሚሚ_ሴንትፖል

ካልጋሪ፣ ይሄ ድንኳን የሚሉትን ካየሁ ፎቶ አነሳለሁ። ፓምፑ ላይ "በደቂቃ 35 ሊትር" ይላል። ይበቃል?

ካልጋሪ_ነኝ

ለቀዳዳ ከበቂ በላይ ነው። ድንጋዩ ወደ እርከኑ ሲወጣ ደግሞ ፓምፑ የሚታገለው የውሃ ክብደት ይቀንሳል፤ ውስጡ ያለው ላስቲክም ዕድሜው ይረዝማል።

ኦስሎ_ማዶ · ኖርዌይ

ስለ ጎልድፊሽ አንድ የሚገርም ነገር ላካፍላችሁ። እዚህ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ከሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2017 ያወጡት ጥናት አለ። ጎልድፊሽና የዱር ዘመዱ ክሩሺያን ካርፕ ኦክስጅን ጨርሶ ሲያልቅባቸው አይሞቱም። ሰውነታቸው ላክቲክ አሲዱን ወደ አልኮል ይቀይረዋል፣ በሚተነፍሱበት አካላቸውም (ጊል) ወደ ውሃው ያስወጡታል። በደማቸው ውስጥ ያለው አልኮል በ100 ሚሊ ሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ይደርሳል። መኪና ቢይዙ ፖሊስ ያስቆማቸው ነበር።

ክሩሺያን ካርፕ በዚህ ዘዴ ከበረዶ ሥር ለወራት ይቆያል። ጎልድፊሽም በዚሁ መንገድ ይከላከላል፣ ያን ያህል ባይቆይም። ኮይ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ሚሚ ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ቢያንስ መጀመሪያ የሚጎዱት ኮዮቹ ናቸው፣ ጎልድፊሾቹ ደህና ሲሆኑ። "ሌሎቹ ደህና ናቸው" ብለሽ እንዳትዘናጊ ለማለት ነው።

ዝም_ብሎ_አንባቢ

ጠላ ጠማቂ ዓሣ 😂 ጠመቃውን እኛ ብቻ የምናውቀው መስሎኝ ነበር።

ሐይቅ_ዳር

ይሄ ጥንካሬያቸው እኮ ነው እዚህ መከራ የሆነው። በርንስቪል ከተማ በ2021 ኬለር ሐይቅ ውስጥ ኳስ የሚያካክሉ ጎልድፊሾች አግኝተው ሕዝቡን "የቤት ዓሣችሁን ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ" ብለው ለመኑ። ሚሚ፣ ዓሣው ቢበዛብሽ እንኳ ለሰው ስጪ፤ ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ በሕግም ክልክል ነው።

የቢሾፍቱ_ልጅ · ቢሾፍቱ

ሰላም የውጭ ወገኖች። በረዶ ባናይም ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። እኛ ጋ ክዳኑ ውሃው ራሱ ነው።

የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፣ ገደል የከበባቸው፣ አንዳንዶቹ ከ60 ሜትር በላይ ጥልቀት ያላቸው። ሞቃቱ ውሃ ላይ ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛው ታች። ገደሉ ነፋሱን ስለሚከልል ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይቀላቀሉም። የታቹ ውሃ ኦክስጅን ያጣል፣ ያ እንቁላል የሚሸተው ጋዝም ይጠራቀምበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ነፋስ ይነሳል። የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ሲከብድ ይሰምጣል፣ የታቹን መርዝ ያመጣዋል። ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) አየር ፍለጋ ላይ ላዩን አፉን ይከፍታል። ብሎም ሞቶ ዳር ላይ ይተኛል።

ስለዚህ ጋሽ ኮይ "ታቹን አትንኩት" ሲሉ ለኛ ደግሞ ከዚህ የተነሳ ገባን። ታቹ የቆሸሸ ኩሬን ድንገት ማማሰል በየትኛውም አገር አደገኛ ነው።

ጋሽ_ኮይ

ልክ ነህ ልጄ፣ እኔ ሳልለው የቀረሁትን ነው የጨመርክልኝ። ሚሚ፣ ለዚህ ነው ቅጠሉ አሁን መውጣት ያለበት። ኩሬው ከመዝጋቱ በፊት መረብ ዘርጊበት። ታች የተኛውንም በመረብ ቀስ አድርገሽ ዝቀሽ አውጪው። አሁን ውሃው ገና ስላልበረደ ዓሣው ቢረበሽም ይችለዋል። ጥር ላይ ግን እንዳትሞክሪው። አየር ከመንፋት ይልቅ ይሄ ሥራ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም፤ የሚበሰብስ ከሌለ ኦክስጅኑን የሚበላው ማን ነው?

ፏፏቴ ነገር ካለሽ እሱንም አጥፊው። ብዙ ሰው ውሃ እየፈሰሰ አይጠጥርም ይላል። ይጠጥራል። በረዶው መንገዱን ይዘጋና ውሃው በጎን ይፈሳል፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ከፈሰሰ ጠዋት ኩሬው ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ደብረ_ብርሃን_ዓሣ · ደብረ ብርሃን

እኔም ጥያቄ ላስገባ፣ ሚሚ ይቅርታ። እዚህ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ነን። ላስቲክ የለበሰ ጉድጓድ ቆፍሬ ቆሮሶ ላረባ አስቤያለሁ። ጥቅምትና ኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። የአየር ፓምፕ ሌሊት ባደርግበት ውሃውን ያሞቀዋል?

የቢሾፍቱ_ልጅ

ወንድሜ፣ አያሞቀውም። እንዲያውም ያበርደዋል። ፓምፑ የሚነፋው ያንኑ የሌሊት ውርጭ አየር ነው።

ቆሮሶ የሞቃት አገር ዓሣ ነው። ከ16፣ 17 ዲግሪ በታች መብላትና ማደግ ያቆማል፤ ወደ 10፣ 12 ሲወርድ ይሞታል። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ላስቲክ ቤት አይሆንልህም። ኩሬውን ግሪንሃውስ ውስጥ ካላደረግከው ካርፕ ይሻልሃል፣ ብርድ ይችላል። ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ስለ ጫጩት ዓሣ ጠይቃቸው።

ግሪንሃውስ ከሠራህ አየሩን የምትፈልገው ንጋት ላይ ነው። ሌሊቱን አልጌውም ዓሣውም ኦክስጅን ሲበላ ያድራል፣ ጎህ ሲቀድ ከሁሉ ያነሰ ይሆናል። በናንተ ከፍታ ደግሞ አየሩ የባሕር ዳርቻውን 70 ከመቶ ገደማ ነው የሚሆነው፤ ውሃውም ያንኑ ያህል ያነሰ ይይዛል። መብራት ከጠፋ ውሃ ከፍ ካለ በርሜል በቀዳዳ ቆርቆሮ ላይ እያንጠባጠብክ አውርድ። የሚረጨው ውሃ አየር ይዞ ይገባል።

ደብረ_ብርሃን_ዓሣ

እግዜር ይስጥልኝ። ካርፕ ነው እንግዲህ።

ሚሚ_ሴንትፖል

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። መረቡ ተዘርግቷል። ታች የነበረውን ቅጠል ባለቤቴ ዝቆ አወጣው፣ የወጣው ጥቁር ነገር ግን ሽታው አይነሳ። ድንጋዩ እርከኑ ላይ ነው። ፓምፑ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ ቱቦው ቁልቁል ነው፤ መኪናችን የሚቆመው ውጭ ስለሆነ የጭሱ ነገር አያሳስብም። ትልቁን ማሞቂያ አልገዛሁም።

የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች። ምግብ መቼ ላቁም? መብራት ቢጠፋስ? ባለፈው ዓመት ሰፈሩ ውስጥ በስኖው ምክንያት ጠፍቶ ነበር አሉኝ።

ጋሽ_ኮይ

ምግቡን በቀን መቁጠሪያ አይደለም፣ በቴርሞሜትር ነው። አሥር ዶላር የማይሞላ ተንሳፋፊ ቴርሞሜትር ግዢ። ውሃው 15 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ቀንሺ፣ የስንዴ ምግብ የሚባለውን ቀለል ያለውን ስጪ። ወደ 10 ሲወርድ ጨርሶ አቁሚ፤ በፋራናይት 50 ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሞቃት ቀን መጥቶ ላይ ሲዋኙ ብታያቸው እንኳ አንጀትሽን አጥብቂው። የበሉት ሆዳቸው ውስጥ ይቀራል፤ ያልበሉት ደግሞ ይበሰብሳል፣ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎችም በብርድ ሥራቸውን አቁመዋል። በሰመር በደንብ የበላ ዓሣ ዊንተሩን ሳይበላ ይወጣዋል።

ሽቦ_አዋቂው

መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አትደንግጪ። ዓሣው በብርድ የሚተነፍሰው ትንሽ ነው፣ ለአንድ ሌሊት አይሞትም። ችግሩ ቱቦው መጠጠሩ ነው። መብራቱ ሲመለስ አየር ካልመጣ ቱቦውን ነቅለሽ ቤት ውስጥ አሙቂው። ብዙ ቀን ከጠፋ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ፣ ዓሣ አጥማጆች ባልዲ ውስጥ የሚያደርጉት ዓይነት፣ ይበቃል። ወይም የጋሼ ድስት።

ጄኔሬተር ካላችሁ ጋራዥ ውስጥ እንዳታስነሱት። በሩ ክፍት ቢሆንም። ሽታ የሌለው ጭሱ ሰው ይገድላል። በየዓመቱ ይህ ይደርሳል።

ካልጋሪ_ነኝ

በረዶው ላይ ስኖው ሲከመር ከዳር ሆነሽ በረጅም መጥረጊያ ግማሹን ጥረጊለት። ብርሃን ይግባ። በረዶው ላይ ግን አትውጪ።

ቀዳዳው ጋ ጎንበስ ብለሽ አሽትቺ። የእንቁላል ሽታ ከመጣ ቀዳዳውን በሙቅ ድስት አስፊው፣ ውሃውንም በትንሽ በትንሹ ለውጪው፣ ከአሥር አንድ ያህሉን። የከተማ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን ወይም ክሎራሚኑን የሚያጠፋውን መድኃኒት ሳትረሺ። አዲሱን ውሃ ቀስ ብለሽ፣ ድንጋዩ ባለበት በኩል ነው የምታስገቢው።

ኪያ_ሜሪላንድ

እኔም አንብቤ ፓምፕ ልገዛ ነው። መረብ ብቻ ይበቃል ስል የነበርኩት ሴትዮ 😄

ሚሚ_ሴንትፖል

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ አስቸግሬ አላቆያችሁም። ድንጋዩን መቼ ወደ ታች ልመልሰው?

ጋሽ_ኮይ

እናንተ ጋ በረዶው መጋቢት መጨረሻ ወይም ሚያዝያ ላይ ይሄዳል። በረዶው ሄደ ብለሽ ግን ወዲያው አትመልሺው። መጀመሪያ ላይ ቀን ይሞቃል ሌሊት ይበርዳል፤ ዓሣው ለበሽታ የሚጋለጥበት ጊዜ ነው፣ ከብርዱም ወር ይብሳል። ያን ጊዜ እርከኑ ላይ ይቆይ፣ ፓምፑም ይሥራ። ቴርሞሜትሩ ሌሊት እንኳ ከ10 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳምንት ከቆየ ምግብ በጥቂቱ ጀምሪ። ድንጋዩንም ወደ ጥልቁ ቦታ አውርጂው፣ ግን በአንድ ቀን አይሁን፤ ዛሬ ግማሽ ጫማ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ግማሽ። የቢሾፍቱ ልጅ የተናገረውን አስቢ።